መዝገቡ የሚተኛው መቼ ነው? የፍትሐ ብሔርና የቤተሰብ ፍርድ ቤቶችን ስለማሻሻል

ፍርድ ቤት ውሎ የመጣን ሰው «ዛሬስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «ተቀጠረ።» ለምን ሲባል ምክንያቱ አይጠፋም። መጥሪያው ለተከሳሹ አልደረሰም። የአንደኛው ወገን ጠበቃ ሌላ ችሎት ነበረበት። ምስክሩ ቀረ። ወይም ዳኛዋ ተቀይራለች፤ በቦታዋ የመጡት ዳኛ ደግሞ መዝገቡን ገና አላነበቡትም።

እንዲህ ያለው ምልልስ የድሃ አገር ወይም የሰነፍ ዳኛ ችግር ብቻ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። ሀብታሞቹም አገሮች ላይ ታች ብለውበታል፤ ብዙዎቹ ዛሬም እየታገሉበት ነው። ባለፉት መቶ ዓመታት ከሞከሩት ውስጥ ጥቂቱ ሰርቷል፣ ጥቂቱ ከሽፏል፣ አንዳንዱ ደግሞ አንዱን ችግር ፈትቶ ሌላ ወልዷል። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። ፍርድ ቤት ይሻሻል ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ዳኛ መጨመር፣ ሕንጻ መስራትና ኮምፒውተር መግዛት ነው። ሦስቱም አይጠሉም። ግን መዝገብ ዕድሜውን የሚጨርሰው በአብዛኛው በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ነው፤ ማንም በማይነካው ጊዜ። ያንን ባዶ ጊዜ ማን ያዝዘዋል የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ የድሮው መጓተት አዲሱ ሕንጻ ውስጥ ይቀጥላል።

የአራት ቀን ስራ፣ የሁለት ዓመት ክርክር

አንድ ተራ ጉዳይ እንውሰድ። አንዱ አበድሬዋለሁ ይላል፤ ሌላው ከፍያለሁ ይላል። የብድር ውል አለ፣ አንድ ደረሰኝ አለ፣ ሁለት ምስክሮች አሉ። በቃ።

ዳኛው በዚህ መዝገብ ላይ የሚያጠፉት የስራ ጊዜ ስንት ነው? ክሱንና መልሱን ማንበብ ግማሽ ቀን እንበል። ጭብጥ መያዝ፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖች የተለያዩበትን ነጥብ ነጥሎ ማውጣት፣ ሌላ ግማሽ ቀን። ምስክር መስማት አንድ ቀን። ሕጉን አይቶ ውሳኔ መጻፍ ሁለት ቀን፤ ያውም አብዝተን። ሲደመር አራት ቀን። ጉዳዩ ሁለት ዓመት ከፈጀ፣ ሰባት መቶ ያህል ቀን መዝገቡ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

የመዝገቡን ሽፋን ገልጣችሁ ትእዛዞቹን በተራ ብታነቡ እንቅልፉ ከየት እንደመጣ ይታያችኋል። የመጥሪያውን መድረስ ለመጠባበቅ። የተከሳሽን መልስ ለመቀበል። ተከሳሽ መልሱን ስላላቀረበ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ክርክር ለመስማት። ዳኛው ስላልተሰየሙ፣ በተለዋጭ ቀጠሮ። ምስክር ለመስማት። ቀሪ ምስክር ለመስማት። መዝገቡን መርምሮ ለመወሰን። መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ፣ አሁንም ለመወሰን። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ነውር የለበትም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ዓመት ይበላሉ።

ከነዚህ ቀጠሮዎች ውስጥ ስንቶቹ ዳኛ እንደሚያስፈልጋቸው ደግሞ ቁጠሩ። መጥሪያ መድረሱን ማረጋገጥ የጽሕፈት ቤት ስራ ነው። መልስ መቀበልም እንደዚያው። ባለጉዳዩ ከስራው አስፈቅዶ፣ ጠበቃው ሌላውን ጉዳይ ትቶ፣ ዳኛው ካባ ለብሰው የሚገናኙት አንድ ወረቀት ለመቀባበል ከሆነ የሦስቱም ቀን በከንቱ ሄደ። ርካሹ ማሻሻያ እዚህ ጋ ነው ያለው፦ ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ ሳይመጣ መዝገቡ ችሎት አይግባ። ይህን የሚከታተል ሬጅስትራር ለመመደብ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም።

ጊዜው የማን ነው?

በ1906 ሮስኮ ፓውንድ የተባለ፣ ገና ስሙ ያልገነነ የሕግ ሰው በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነስቶ ተናገረ። ሕዝቡ በፍርድ ቤት የተማረረው ለምን እንደሆነ ሲዘረዝር አንዱን ምክንያት ጠበቆቹ አልወደዱለትም። ክርክርን እንደ ስፖርት ውድድር አድርገነዋል አለ። ተከራካሪዎቹ ይጫወታሉ፤ ዳኛው ደግሞ ጥፋት ሲኖር ፊሽካ ይነፋል። ጨዋታው መቼ ይጀመር፣ ምን ያህል ይፍጅ የሚለውን የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ናቸው።

ነገሩ በብዙ አገር እስከ ቅርብ ጊዜ እንዲሁ ነበር። ችግሩ ግልጽ ነው። ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዱ ብዙውን ጊዜ መዘግየቱ ይጠቅመዋል። ገንዘብ ያለበት ሰው ለምን ይቸኩላል? ቤቱን ይዞ የሚኖረው ሰው ልቀቅ እስኪባል ቢቆይ ምን ይጎዳዋል? ጊዜውን ለተከራካሪዎች መተው፣ ለሚያጓትተው መተው ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ይህን ለመቀየር የተሾሙት ከፍተኛ ዳኛ የነበሩት ሎርድ ዉልፍ ናቸው። የመጨረሻ ሪፖርታቸው በ1996 ወጣ፤ አዲሱ የፍትሐ ብሔር ስነ ስርዓት ደንብ ሚያዝያ 1999 ስራ ላይ ዋለ። ደንቡ ጊዜውን ለዳኛው አስረከበ። ተከሳሹ መልሱን እንደሰጠ ዳኛው መዝገቡን ያየው ጀመር። ትንሽ የገንዘብ ጥያቄ ከሆነ ወደ ቀላሉ መስመር፣ መካከለኛ ከሆነ ወደ ፈጣኑ፣ የተወሳሰበ ከሆነ ወደ ረጅሙ ይመድበው ነበር። በፈጣኑ መስመር የሚሄድ ጉዳይ ዳኛው አቅጣጫ ከሰጠ በኋላ በ30 ሳምንት ውስጥ እንዲሰማ፣ ችሎቱም ከአንድ ቀን እንዳያልፍ ተደነገገ። ሁለቱም ወገን የየራሱን ባለሙያ ይዞ መጥቶ ባለሙያዎቹ ከሚጨቃጨቁ አንድ የጋራ ባለሙያ ይሾም ተባለ። ክስ ከመመስረቱም በፊት ደብዳቤ ተጻጽፈው ማስረጃቸውን እንዲያሳዩ ተደረገ።

ምን መጣ? ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው ክስ ቀነሰ፤ ከችሎት በፊት የሚታረቀው በዛ። ወጪው ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ድሮ በመጨረሻ ይወጣ የነበረው ገንዘብ መጀመሪያ ላይ መውጣት ጀመረ። ሰው ሊታረቅ ለሚችለው ጉዳይ ሁሉ ጠበቃው ሙሉ ዝግጅት ማድረግ ነበረበትና። ከአስር ዓመት በኋላ የወጪውን ጉዳይ ለብቻው የሚያጠና ሌላ ዳኛ፣ ሎርድ ጀስቲስ ጃክሰን፣ መመደብ ግድ ሆነ።

አሜሪካኖቹም ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ኮንግረስ በ1990 ፌዴራል ፍርድ ቤቶች መጓተትን እንዲቀንሱ የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ውጤቱን መርምሮ በ1996 ይፋ አደረገ። ዳኛው መዝገቡን ቀድሞ ሲይዝ ጉዳዩ በእርግጥ ቶሎ ያልቃል፤ የጠበቆቹ የስራ ሰዓት ግን ይጨምራል። ማስረጃ የሚለዋወጡበት ጊዜ አብሮ ሲያጥርና የክርክሩ ቀን ከመጀመሪያው ሲቆረጥ ነው መጓተቱም ወጪውም የሚረግበው። ስለዚህ ዳኛው «ጉዳዩን ይምራ» ብሎ መደንገግ አይበቃም። ቀን ይቁረጥ፤ የቆረጠውንም ቀን ያክብር።

ማክበሩ ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት። ዳኛው ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ቀጥሮ፣ በዚያም ቀን መልስ ያላቀረበውን ተከሳሽ አሁንም ለመጨረሻ ጊዜ ካለፈው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጠበቃ ትእዛዙን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ዜናው በአንድ ሳምንት ኮሪደሩን ያዳርሳል።

ሁለት መዝገብ፣ አንድ ጠረጴዛ

አሁን የምነግራችሁ ሂሳብ ቀላል ነው፤ ግን መጀመሪያ ሲሰሙት አይታመንም።

ዳኛዋ ሁለት መዝገብ አላቸው እንበል፤ ሀ እና ለ። እያንዳንዱ አስር የስራ ቀን ይፈልጋል። ሀን ጀምረው ጨርሰው ወደ ለ ቢሄዱ፣ ሀ በ10ኛው ቀን፣ ለ በ20ኛው ቀን ያልቃል። አንድ ቀን ሀን፣ አንድ ቀን ለን እያፈራረቁ ቢሰሩስ? ሀ የሚያልቀው በ19ኛው ቀን ነው። ለ ያው በ20ኛው። የለ ባለጉዳይ ቅንጣት አልተጠቀመም፤ የሀ ባለጉዳይ ግን ዘጠኝ ቀን ተጨማሪ ጠበቀ። ዳኛዋ በሁለቱም መንገድ እኩል ነው የደከሙት።

መዝገቡን መቶ አድርጉት። ሁሉንም ከፍተው እያዟዟሩ ቢሰሩ ከ900ኛው ቀን በፊት አንድም መዝገብ አይዘጋም። በየተራ ቢሆን ኖሮ ግማሾቹ እስከ 500ኛው ቀን ድረስ አልቀው ባለቤቶቹ ወደ ቤታቸው በገቡ ነበር። በዚህ ላይ መዝገቡ ከወራት በኋላ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ማንበብ አለ። ያን ጊዜ ገና አልቆጠርነውም።

ይህን በወረቀት ብቻ አይደለም ያዩት። ሦስት ጣሊያናዊ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የሚላኖን የስራ ክርክር ዳኞች አጥንተው ጥናታቸውን በ2014 አሳትመዋል። እዚያ መዝገብ ለዳኛ የሚታደለው በዘፈቀደ ስለሆነ «ለእኔ የደረሰኝ ከባዱ ነው» የሚል ሰበብ አይሰራም። ብዙ መዝገብ በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት ዳኞች ጉዳያቸው የሚያልቀው ዘግይቶ ነው። ጥቂት ከፍተው የሚጨርሱት ቀደሟቸው።

ታዲያ ዳኛ ለምን ሁሉንም ይከፍታል? ስለሚገፋ ነው። እያንዳንዱ ባለጉዳይ የእሱ ጉዳይ ተጀመረ መባሉን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ቶሎ ሲደርሰው ደስ ይለዋል፤ ሁለተኛው ስድስት ወር እንደሚርቅ ያኔ አያውቅም። አለቆችም ቶሎ የተጀመረውን መዝገብ እንደ ስራ ይቆጥሩታል። መፍትሔው ተከታታይ ችሎት ነው፦ ምስክር መሰማት ከተጀመረ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ያው ጉዳይ ይቀጥል፤ ውሳኔውም ምስክሩ ከህሊና ሳይጠፋ ይጻፍ። እርግጥ የባለሙያ አስተያየት የሚጠበቅበት መዝገብ አለ፤ እሱ እስኪመጣ ዳኛው ሌላ ይሰራል። ሁሉን ከፍቶ ሁሉን ማንጠልጠል ግን ይብቃ።

ችሎት የማያስፈልገው ጉዳይ

ፍርድ ቤት ከሚመጡት የገንዘብ ክሶች ብዙዎቹ ክርክር የለባቸውም። ተበዳሪው እዳውን አይክድም፤ ዝም ብሎ አይከፍልም። ለዚህ ሙሉ ችሎት መሰየም ትርፉ ምንድን ነው?

ጀርመኖች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው። ገንዘብ ጠያቂው ቅጽ ይሞላል። ፍርድ ቤቱ እዳው እውነት ይሁን አይሁን አይመረምርም፤ የክፍያ ትእዛዙን ለባለእዳው ይልካል። ባለእዳው ሁለት ሳምንት አለው። አልስማማም ካለ፣ ምክንያት እንኳ ሳይዘረዝር፣ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ክርክር ይሄዳል። ዝም ካለ፣ ሌላ የመቃወሚያ ዕድል ተሰጥቶት፣ ትእዛዙ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ስራው አብዛኛው በኮምፒውተር ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 ባወጣው ደንብ ድንበር ለሚሻገር እዳ ተመሳሳይ መንገድ ከፍቷል፤ እዚያ የመቃወሚያው ጊዜ 30 ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ዘዴው የሚያምረው ወረቀቱ በእርግጥ እጁ ለሚገባ ሰው ነው። የመኖሪያ አድራሻ በደንብ በማይታወቅበት ቦታ ዝምታን እንደ እሺታ መቁጠር ሰውን ሳያውቅ ማስፈረድ ነው።

ሌላው መንገድ ሽምግልናና እርቅ ነው። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ፍራንክ ሳንደር በ1976 ያቀረቡት ሃሳብ ብዙ በር ያለው ፍርድ ቤት የሚል ነበር፦ ባለጉዳዩ ሲመጣ አንድ ሰው ጉዳዩን አይቶ ይህ ለአስታራቂ፣ ያ ለግልግል፣ ያኛው ለዳኛ ብሎ ይምራው። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ አነስተኛ ጉዳዮችን በኢንተርኔት የሚያይ ተቋም አቁማለች። ባለጉዳዩ መጀመሪያ ስለ መብቱ ይጠየቃል፣ ይነገረዋል፤ ከዚያ ከባላጋራው ጋር ይደራደራል፤ ካልሆነ ይወሰንለታል። ሁሉም ጥሩ ነው፤ እርቁ የግድ እስካልሆነና አንዱ ወገን አቅም አጥቶ እጁን እስካልሰጠ ድረስ።

ቁጥር ይረዳል፣ ቁጥር ያታልላል

የአውሮፓ ምክር ቤት በ2002 የፍርድ ቤቶችን ቅልጥፍና የሚከታተል ኮሚሽን አቋቁሟል። ከመለኪያዎቹ ሁለቱን ማንም ሰው በስልኩ ማስያ ሊያሰላቸው ይችላል። አንደኛው፦ በዓመቱ የተዘጉ መዝገቦች ለተከፈቱት ሲካፈሉ። ውጤቱ በመቶኛ ሲሰላ ከመቶ በታች ከሆነ ውዝፍ እየተከመረ ነው። ሁለተኛው፦ በዓመቱ መጨረሻ የቀሩት መዝገቦች በዓመቱ ለተዘጉት ተካፍለው በ365 ይባዛሉ። 1000 ቀርተው 2000 ተዘግተው ከሆነ፣ ያ ፍርድ ቤት በእጁ ያለውን ለመጨረስ ግማሽ ዓመት ይፈልጋል።

እነዚህ ቁጥሮች ፍርድ ቤቱን በሙሉ ይነግሩናል። ወደ አንድ ዳኛ ሲወርዱ ግን ጉድ ይፈጥራሉ። በዚያው በ1990ው የአሜሪካ ሕግ መሰረት ከስድስት ወር በላይ ያደረ አቤቱታ ያለባቸው ዳኞች ዝርዝር በዓመት ሁለቴ በስም ይወጣል። ሰው ነውና ማንም ስሙ እዚያ ላይ እንዲወጣ አይፈልግም። ቀኑ ሊደርስ ሲል ውሳኔዎች ይጎርፋሉ። ፍጥነቱ መጣ፤ ጥራቱስ የሚለው ጥያቄ ግን ቀረ። «በወር ይህን ያህል መዝገብ ዝጋ» ከተባለ ዳኛው ቀላል ቀላሉን መርጦ ይዘጋል፤ ከባዱ የውርስ ክርክር አቧራ ይጠጣል።

ጣሊያን ደግሞ የተለየ ነገር ሞከረች። በ2001 ፒንቶ የሚባለውን ሕግ አውጥታ ጉዳዩ ከልክ በላይ የዘገየበት ሰው መንግስትን ካሳ እንዲጠይቅ ፈቀደች። ልኩም ኋላ በ2012 በወጣ ማሻሻያ ለመጀመሪያ ደረጃ ሦስት ዓመት፣ ለይግባኝ ሁለት፣ ለሰበር አንድ ተደረገ። ካሳው የሚጠየቀው የት ነው? ፍርድ ቤት። እናም የመዘግየት ካሳ የጠየቁ ሰዎች ካሳው ራሱ ዘገየብን ብለው ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ቢያስቅም እውነት ነው። ለቆመ ሰልፍ ካሳ መክፈል ሰልፉን አያሳጥረውም።

የቤተሰብ ችሎት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ እዳና ውል ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ሌላ ዓለም ነው።

በእዳ ክርክር ዳኛው የሚጠይቀው ስለ ትናንት ነው፦ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? ፍርዱ ሲሰጥ ሁለቱ ሰዎች ዳግም ላይተያዩ ይችላሉ። ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ግን ከፍቺ በኋላም ለዓመታት ይገናኛሉ። ዳኛው የሚወስነው ስለ ነገ ነው፤ ይህ ልጅ የት ያድጋል፣ ሌላውን ወላጁን መቼ ያያል፣ ማን ቀለብ ይቆርጣል? ክርክሩ ራሱ ደግሞ ጉዳዩን ያባብሰዋል። እያንዳንዱ አቤቱታ ስለ ሌላው ወገን የተጻፈ ስድብ ሆኖ ይቀመጣል።

ጊዜውም አንድ አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ ጉዳይ አንድ ዓመት ተኩል ከፈጀ የዕድሜው ግማሽ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ፍቺው እስኪወሰን ዳኛው ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ልጁ ለጊዜው ከእገሌ ጋር ይሁን። ትእዛዙ የሚሰጠው በአንድ ቀን፣ በጥቂት ወረቀት ላይ ተመስርቶ ነው። ከዓመት ተኩል በኋላ የመጨረሻው ውሳኔ ሲመጣ ልጁ ያንን ቤት ለምዷል፣ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ጓደኛ አፍርቷል። ዳኛው ከዚያ ሊያፈልሱት ይሳሳሉ፤ ትክክልም ነው መሳሳታቸው። ታዲያ እውነተኛው ውሳኔ የቱ ነበር? የመጀመሪያው ቀን ጊዜያዊ ትእዛዝ ነዋ! ለዚህ ነው በቤተሰብ ችሎት ማጣራቱን ወደ ፊት ማምጣት ከሁሉም ማሻሻያ የሚበልጠው።

ጀርመን ከመስከረም 2009 ጀምሮ በምትሰራበት የቤተሰብ ስነ ስርዓት ሕግ የልጅ መኖሪያና ጉብኝት ጉዳይ በአንድ ወር ውስጥ ችሎት ፊት መቅረብ አለበት። ቀጠሮ የሚለወጠው አስገዳጅ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። የሃሳቡ መነሻ ኮኸም የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ዩርገን ሩዶልፍ የተባሉ የቤተሰብ ዳኛ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጠበቆቹን፣ የሕጻናት ጽሕፈት ቤት ሰራተኞችን፣ የስነ ልቦና ባለሙያዎችንና አማካሪዎችን በየጊዜው ሰብስበው አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። አቤቱታ አጭር ይሁን። ስድብ አይጻፍ። ወላጆቹ ቶሎ ዳኛ ፊት ይቅረቡ፤ ካልተግባቡ በቀጥታ ወደ አማካሪ ይላኩ። ጠበቃው ነገር ከማጋጋል ደንበኛውን ወደ ስምምነት ይግፋ።

ያምራል። ጉድለቱንም መናገር ግን ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ድብደባ ወይም ማስፈራራት ከነበረ «ተስማሙ» ብሎ መግፋት የሚፈራውን ሰው ለሚያስፈራው አሳልፎ መስጠት ነው። ከደብዳቢው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሴት እሺ ብትል እሺታዋ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ከማስታረቅ በፊት ማጣራት። እንግሊዝ በ2021 ባወጣችው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ አጥቂው በቤተሰብ ችሎት ተጠቂዋን ራሱ ቆሞ መስቀለኛ ጥያቄ እንዳይጠይቅ ከልክላለች። እስከዚያ ድረስ ይቻል ነበር! በ2022 ደግሞ በዶርሴትና በሰሜን ዌልስ አዲስ አሰራር መሞከር ጀመረች፦ ወላጆቹ ችሎት ሳይቀርቡ በፊት ባለሙያ ልጁን፣ ቤቱንና የጥቃት ታሪኩን አጣርቶ ሪፖርት ያቀርባል። ዳኛው የመጀመሪያዋ ቀን ላይ ባዶ እጃቸውን አይሰየሙም።

ጃፓኖች በ1949 ባቋቋሟቸው የቤተሰብ ፍርድ ቤቶች ውስጥ የራሳቸው አጣሪ ባለሙያዎች አሏቸው። ስነ ልቦናና ማኅበራዊ ሳይንስ የተማሩ የፍርድ ቤቱ ሰራተኞች ናቸው፤ ቤት ድረስ ሄደው ያያሉ፣ ልጁን ያነጋግራሉ። ይህን የሚያህል ኢንቨስትመንት በዳኛ ቁጥር ላይ ከሚፈስ እዚህ ላይ ቢውል እመርጣለሁ። ዳኛ ሕግ ነው የተማረው። የአራት ዓመት ልጅ ለምን ዝም እንዳለ ማንበብ ሌላ ሙያ ነው።

ገደብ መወሰንም ይረዳል፤ ግን ለብቻው አይቆምም። እንግሊዝ በ2014 ሕጻናትን ከወላጅ ወስዶ በመንግስት ጥበቃ ስር የማድረግ ጉዳይ በ26 ሳምንት ይለቅ ብላ በሕግ ደነገገች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጊዜው በጣም አጠረ። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ግን አማካዩ እንደገና ከ40 ሳምንት አለፈ። ሕጉ አልተለወጠም፤ ገደቡ ግን አልተከበረም።

ልጁንም ማነጋገር

በ1989 የወጣው የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ በራሱ ጉዳይ እንዲሰማ ይላል። ችሎት አቁሞ «እናትህን ነው ወይስ አባትህን?» ማለት ግን መስማት አይባልም። ያ ልጁን ዳኛ ማድረግ ነው፤ ሸክሙ ለአዋቂም ይከብዳል።

እንዴት እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ ውሳኔ አለ። በ2017 የእንግሊዙ ዳኛ ፒተር ጃክሰን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ያያሉ። ልጁ ከአባቱ ጋር ወደ ሌላ አገር ሄዶ መኖር እንደሚፈልግ ለችሎቱ አመልክቷል። ዳኛው ውሳኔውን የጻፉት ለልጁ በተላከ ደብዳቤ መልክ ነው፤ ስሙን ቀይረው። መጀመሪያ ካገኙት ጊዜ ተነስተው ያወሩታል። ምን እንዳዩ፣ ማንን እንደሰሙ፣ ለእሱ ሃሳብ ምን ያህል ክብደት እንደሰጡ በተራ ቋንቋ ያስረዱታል። መልሳቸው አይሆንም ነበር። ለምን አይሆንም እንዳሉም ሳይሸፋፍኑ፣ አባቱንም ሳያዋርዱ ነገሩት። የሕግ አንቀጽ ያልተደረደረበት ያ ጽሑፍ ይግባኝ የሚባልበት ሙሉ ፍርድ ነው።

ይህን ያነሳሁት ለልጅ ብቻ ስለሚሆን አይደለም። አዋቂውም ተሸናፊ ለምን እንደተሸነፈ የሚገባው ፍርድ ይገባዋል። አስር ገጽ አንብቦ በመጨረሻ ጠበቃውን «ምን ማለታቸው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጉዳይ ይግባኝ ከማለት ውጭ ምን ያድርግ? ጠበቃ የሌለውማ ይብሳል። እንግሊዝ በ2013 ለአብዛኛው የፍቺና የልጅ ክርክር ይሰጥ የነበረውን ነጻ የጠበቃ ድጋፍ ስታቋርጥ ብቻቸውን የሚከራከሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ በዙ፤ ችሎቱም በማስረዳት ተጠመደ። ገንዘብ የተቆጠበ መስሎ ዳኛው ላይ ተቆለለ።

ዳኞቹስ?

ዳኛን መቆጣጠር ሲባል ሁለት ነገር ይደባለቃል። ምን ወሰነ የሚለውን የሚያርመው ይግባኝ ነው። የፍትሕ ሚኒስትርም፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትም፣ ሕዝብም ስልክ ደውሎ አያርመውም። መቼ ተሰየመ፣ ሰውን እንዴት አናገረ፣ መዝገብ ስንት ወር አሳደረ የሚለው ግን የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ ዳኛው ሊጠየቅበት ይገባል። በ2002 የወጣው የባንጋሎር የዳኞች ስነ ምግባር መርሕ ነጻነትን ሲዘረዝር በዚያው ሰነድ ላይ ብቃትንና ትጋትን አስቀምጧል። «ነጻ ነኝ» ብሎ ሦስት ሰዓት አርፍዶ መሰየም አይቻልም።

የቤተሰብ ዳኛ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ቋሚነት። በአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሦስት ዳኞች ከተፈራረቁ እናትየዋ ያንን ሁሉ ታሪክ ሦስት ጊዜ ትናገራለች። በ2008 ለንደን ውስጥ በዳኛ ኒኮላስ ክራይተን የተጀመረ ልዩ ችሎት አለ። ልጆቻቸውን በሱስ ምክንያት ሊነጠቁ ያሉ ወላጆች የሚቀርቡበት ነው። ያው አንድ ዳኛ በየሁለት ሳምንቱ ወላጁን ያለ ጠበቃ ያናግራሉ፦ እንዴት ሰነበትክ፣ ሕክምናው ምን ደረሰ፣ ምን አቃተህ? ወላጁም ሰበብ ይዞ አይመጣም፤ ባለፈው ያለውን የሚያስታውስ ሰው ፊቱ ተቀምጧልና። ዳኞችን በየስድስት ወሩ ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር፣ ከፍትሐ ብሔር ወደ ቤተሰብ ማዘዋወር ለአስተዳደር ይመቻል። ለባለጉዳዩ ግን ከዜሮ መጀመር ነው።

ውሳኔው ከወጣ በኋላ

ፍርድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማስፈጸም ሌላ። በወር ይህን ያህል ቀለብ ይክፈል ተብሎ ተፈርዶ አባት ሁለት ወር ከፍሎ ቢጠፋ እናት እንደ አዲስ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍታ፣ መጥሪያ አውጥታ፣ እንደገና «ተቀጠረ» ትላለች። ያስፈረደችው ገንዘብ ልጁ በልቶ የሚያድርበት ነው፤ ቀጠሮ አይጠብቅም።

አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ ከ1994 ጀምሮ አዲስ የቀለብ ትእዛዝ ሲሰጥ ገንዘቡ በቀጥታ ከአባትየው ወይም ከእናትየዋ ደመወዝ እንዲቆረጥ አድርጋለች። እስኪያቋርጥ አይጠበቅም። ደመወዝተኛ ላልሆነው ግን ይህ አይሰራም። ጀርመን ለዚያ ከ1980 ጀምሮ መልስ አላት፦ ወላጁ ካልከፈለ መንግስት ለልጁ ይከፍልና ገንዘቡን ከወላጁ ራሱ ይጠይቃል። በ2017 ይህን እስከ 18 ዓመት ድረስ አስፍታዋለች። እዳውን የሚያሳድደው ባለስልጣን እንጂ ልጅ የያዘች እናት አይደለችም።

ለጉብኝት መብት ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም። ልጅ ከደመወዝ አይቆረጥም። ፖሊስ ልኮ ማስመጣት ልጁን ያስደነግጣል፤ እምቢ ያለውን ወላጅ ማሰርም ልጁን ያለ አሳዳጊ ያስቀራል። በዶርሴትና በሰሜን ዌልስ የተሞከረው አሰራር ለዚህ አንድ ደረጃ ጨምሯል። እንደ ጉዳዩ አስፈላጊነት፣ ውሳኔው ከተሰጠ ከወራት በኋላ ቤተሰቡ ይጠየቃል፦ ትእዛዙ እየሰራ ነው? ልጁ እንዴት ነው? ማንም አዲስ አቤቱታ ማስገባት፣ አዲስ መዝገብ ማስከፈት አይጠበቅበትም።